የጌጫ ደን ጎተራው የት ነው?



ከቴፒ ተነስቶ ወደ ማሻ የሚያቀና መንገደኛ የአንደራቻ ወረዳ ከተማ ከሆነችው ጌጫ ሲደርስ ዙሪያውን ቢመለከት ሁለት ነገር ያያል። በአንድ ወገን ቀረሮውና ገተማው ሽቅብ ተመዝዞ የቆመበት፣ ግንዱ ሁሉ አረንጓዴ ሽበት ያበቀለ የሚመስል ደን አለ። ይህን ደን ያረሰው፣ ያረመው፣ ማዳበሪያ የበተነለት ሰው የለም። ሆኖም ዓመት ዓመቱን ሳይደክም ይለመልማል። በሌላው ወገን ደግሞ ከዚያው ደን ተቆርሶ የተመነጠረ ማሳ ይታያል። እንዲህ ያለው ማሳ በመጀመሪያው ዓመት በቆሎውን እንደ ጉድ ይሰጣል፤ በሁለተኛውም ደህና ነው፤ ጥቂት ዓመታት ሲያልፉ ግን ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይቀጭጫል፣ አባወራውም ወይ ዩሪያ ፍለጋ ወይ ሌላ ደን ፍለጋ ይነሳል።

አፈሩ አንድ ነው፤ ዝናቡም አንድ፣ ፀሐዩም አንድ። ታዲያ ያንን ሁሉ ዛፍ ያለ ማንም እርዳታ የሚቀልበው ጎተራ ምን ዋጠው?

ነገሩ ለፈተና የሚጠና የሳይንስ ትምህርት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለቤተሰብ መጽሔት ባላቀረብነው ነበር። ነገር ግን በሸካም ሆነ በከፋ ወይም በቤንች፣ ልጆች ለአቅመ አዳም በደረሱበት ቤት ሁሉ የሚነሳ ጉዳይ ነው። አባት መሬቱን ለልጆቹ ሲያካፍል ደን ያለበት ድርሻ የደረሰው ልጅ «ይህ ምን ይሆነኛል?» ማለቱ አይቀርም። ቡናውን ከነጥላው ይያዘው ወይስ መንጥሮ በቆሎ ይዝራበት? መልሱ በገበያ ዋጋ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ የደኑ ሀብት የት እንደተቀመጠ አስቀድሞ ማወቅን ይጠይቃል።

ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ሁለት ነገሮችን ይሻል። አንደኛው ኃይል፣ ሁለተኛው ንጥረ ነገር ነው። የሁለቱን ጠባይ ለመለየት የሠርግ ቤትን እናስታውስ። ለድግሱ የነደደው ማገዶ ሙቀቱን ሰጥቶ አለቀ፤ ነገ ሌላ ሠርግ ቢኖር ሌላ ማገዶ ያስፈልጋል። የዕድሩ ድስት፣ ጎላና ድንኳን ግን ታጥቦና ተጣጥፎ ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳል፤ ያው ድስት ሃያ ሠርግ ያበስላል። በደን ውስጥም ኃይል እንደ ማገዶው ነው፤ ከፀሐይ ይመጣል፣ አንድ ጊዜ ይሠራል፣ ሙቀት ሆኖ ይበተናል። ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስ፣ ፖታሲየምና የመሳሰሉት ንጥረ ነገሮች ግን እንደ ዕድሩ ዕቃ ናቸው፤ ከአፈር ወደ ሥር፣ ከሥር ወደ ቅጠል፣ ከቅጠል ተመልሰው ወደ አፈር ይዞራሉ። ፀሐይ ነገም ትወጣለች። የዕድሩ ዕቃ ግን ከመንደሩ ከወጣ የሚተካው በገንዘብና በድካም ነው።

በመጀመሪያ የማገዶውን ነገር እንመልከት። በአንድ ቅጠል ላይ ካረፈው የፀሐይ ኃይል ውስጥ ተክሉ ወደ ምግብነት የሚለውጠው ከመቶ አንድ እጅ ገደማ፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ ያነሰ ነው። ቅጠሉን የሚበላው ጉሬዛ ደግሞ ካገኘው ኃይል አብዛኛውን ለመተንፈስ፣ ለመዝለልና ገላውን ለማሞቅ ያውለዋል፤ ሥጋ ሆኖ የሚቀርለት በግርድፉ ከአሥር አንድ እጅ ቢሆን ነው። ጉሬዛውን የሚይዘው ነብርም እንዲሁ። በቅጠሉ ውስጥ 10,000 የነበረው ኃይል ጉሬዛው ላይ 1,000፣ ነብሩ ላይ 100 ሆኖ ይደርሳል ማለት ነው። ጉሬዛ በመንጋ ሲታይ ነብር ግን ብዙ ዘመን ደን ውስጥ ለኖረ ሰው እንኳ ብርቅ የሚሆነው በድብቅነቱ ብቻ አይደለም፤ የኃይሉ ሒሳብ ብዙ ነብር ስለማይቀልብ ጭምር ነው።

እንስሳት አንዱ ሌላውን እያደነ፣ እሱም በተራው በሌላው እየታደነ የሚኖሩ መሆኑን በጽሑፍ ካቆዩልን ቀደምት ሊቃውንት አንዱ በ9ኛው መቶ ዓመት በበስራ የኖረው አል-ጃሂዝ ነው። «ኪታብ አል-ሐየዋን» በተሰኘው ታላቅ የእንስሳት መጽሐፉ ይህን በሰፊው አትቷል። ይህ ሊቅ በአያቱ በኩል የጥቁር ዘር እንደነበረው ይነገርለታል። ነገሩን በቁጥር ለክቶ ያሳየው ደግሞ ሬይመንድ ሊንደማን የተባለ አሜሪካዊ ወጣት ነው። ሊንደማን በሚኒሶታ ግዛት አንዲት ትንሽ ረግረጋማ ሐይቅ ላይ ዓመታት አሳልፎ ኃይል ከእርከን ወደ እርከን ሲያልፍ ምን ያህል እንደሚቀንስ ቀመረ። ጽሑፉ በመጀመሪያ በገምጋሚዎች ዘንድ ተቀባይነት አጥቶ ነበር። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1942 ሲታተም ደራሲው ከጥቂት ወራት በፊት በ26 ዓመቱ ሞቶ ነበር። የዛሬው የአካባቢ ሳይንስ ተማሪ ሁሉ ከዚያች ጽሑፍ ሳይማር አያልፍም።

ነገር ግን ጉሬዛና ነብሩ ዓይን ስለሚስቡ እንጂ የደን ዋናው ድግስ ያለው እነሱ ዘንድ አይደለም። በደን ውስጥ ከሚበቅለው ቅጠል ከመቶ ዘጠናው እጅ ገደማ ማንም ሳይበላው ረግፎ መሬት ይወርዳል። በሞቃቱ የምድር ክፍል ባሉ ደኖች ከአንድ ሄክታር በዓመት ከ5 እስከ 10 ቶን የሚደርስ ቅጠልና ጭራሮ መርገፉ የተለመደ ነው። ይህ ሁሉ ተከምሮ ቢቀር ኖሮ ጌጫ በጥቂት ዘመን ውስጥ በቅጠል ትዋጥ ነበር! ያልተዋጠችው ከሥር ቁጥር ስፍር የሌላቸው ሠራተኞች ስላሉ ነው። ምስጡ ይቆርጣል፣ የምድር ትሉ ይፈጫል፣ ነጭ ክር የመሰለው ሻጋታ እንጨቱን ያላላል፣ በዓይን የማይታየው ባክቴሪያ የቀረውን ይፈታል። በቅጠሉ ውስጥ የነበረውን ኃይል ለጉልበታቸው ያውሉታል፤ ንጥረ ነገሩን ግን ለሥር ይለቁታል። ሱብሐነላህ! ደመወዛቸውን ከማገዶው ወስደው ድስቱን አጥበው የሚመልሱ ናቸው።

እንግዲህ ጎተራውን ፍለጋ ወደ አፈሩ እንውረድ። የዚህ አገር አፈር ቀይና ጥልቅ በመሆኑ ብዙ ሰው ከላይ እስከ ታች ለም ይመስለዋል። ቅላቱ ከብረት የመጣ ነው። ዘመናት የዘለቀ ዝናብ የሚሟሟውን ንጥረ ነገር አጥቦ ሲወስድ የማይሟሟው ብረት ቀርቷል። ይኸው ብረት ደግሞ ፎስፎረስን አጥብቆ ስለሚይዝ ንጥረ ነገሩ አፈር ውስጥ እያለ ተክል ይቸገራል። በጌጫ ደን መሬቱን በዱላ ቢጭሩት ከላይ ያለው ስስ ንብርብር ጥቁርና ልፍስፍስ ነው፤ ጥቂት ዝቅ ሲሉ ቀዩ ይመጣል። የዛፎቹ መጋቢ ሥሮች የሚርመሰመሱት እዚያ ጥቁሩ ውስጥ ነው። የቡናም ሥር እንዲሁ ነው፤ ከሻጋታ ጋር ተጣምሮ ይኖራል፤ ሻጋታው ከአፈር ፎስፎረስ ይለቅምለታል፣ ቡናውም ከቅጠሉ የሠራውን ስኳር ያካፍለዋል።

ስለዚህ ደኑ ከሥሩ የተቀበረ ጎተራ የለውም። ሀብቱ በመንገድ ላይ ነው። ከፊሉ በቅጠልና በግንድ፣ ከፊሉ በረገፈው ቅጠል፣ ከፊሉም በምስጡና በሻጋታው ገላ ውስጥ ሆኖ ይዞራል። ዛፉ ሲቆረጥ ዙሩ ይቋረጣል።

ይህን በግልጽ ያሳየ ሙከራ በአሜሪካ ኒው ሃምሸር ግዛት፣ ሃባርድ ብሩክ በተባለ ደን ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ1965 መገባደጃ ተመራማሪዎቹ ቦርማንና ላይከንስ ከባልደረቦቻቸው ጋር የአንድ ትንሽ ተፋሰስ ዛፍ በሙሉ አስቆረጡ፤ እንጨቱን ግን እዚያው መሬት ላይ ተዉት፣ እንዳያቆጠቁጥም በመድኃኒት ያዙት። ከዚያ ከሥሩ የሚወጣውን ጅረት ለኩ። በጅረቱ ውስጥ የነበረው ናይትሬት ካልተነካው ጎረቤት ተፋሰስ አንጻር በአሥር እጥፎች ጨመረ። ልብ እንበል፣ ከቦታው አንድ ግንድ እንኳ አልወጣም ነበር! አብስባሾቹ ሥራቸውን ቀጠሉ፤ የለቀቁትን የሚቀበል ሕያው ሥር ግን ስላልነበረ ውኃ ወሰደው።

በእኛ አገር ደግሞ ምንጣሮ አብዛኛውን ጊዜ እሳት ይከተለዋል። እሳቱ በቅጠሉና በጭራሮው ውስጥ የነበረውን ናይትሮጅን አብዛኛውን በጢስ ያሳርገዋል። አመዱ ፖታሲየምና ካልሲየም ስላለው የመጀመሪያውን ዓመት በቆሎ ያሳምራል፤ «ድንግል መሬት» የሚባለውን ዝና የሚያተርፈውም ይህ አመድ ነው። የዚህ አካባቢ ዝናብ ግን በዓመት ውስጥ ለብዙ ወራት የሚወርድ ነው፤ አመዱንም ጥቁሩንም አፈር ይዞ ቁልቁል ወደ ባሮ ተፋሰስ ይሄዳል። ከዚያ በጋምቤላ ሜዳ ወንዙ ሞልቶ ሲጎድል ደለሉ ላይ በቆሎ የሚዘሩ ወገኖቻችን ከፊሉን ያገኙታል፤ የቀረው በሶባት በኩል ወደ ነጭ ዓባይ ያልፋል። እንዲህ ያለ የሩቅ መንገድ በዓለም ላይ ሌላም አለ። በቻድ የደረቀ ሐይቅ አፈር በነፋስ ተነስቶ አትላንቲክን አቋርጦ በየዓመቱ 22,000 ቶን ገደማ ፎስፎረስ ለአማዞን ደን እንደሚያደርስ የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ግምት ያሳያል። ጌጫ ግን እንዲህ ያለ ደግ ነፋስ አላት ብሎ የሚተማመን የለም።

ከዚህ በኋላ ያለው የኪስና የጓዳ ሒሳብ ስለሆነ ጠጋ ብለን እንየው። ከደን አካባቢ ወደ ገበያ ከሚወጡት ውስጥ ሦስቱን፣ ማርን፣ ቡናንና በቆሎን፣ እንመዝናቸው።

ማር ከስኳርና ከውኃ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ስኳር ደግሞ ከአየርና ከውኃ በፀሐይ ኃይል የተቀመመ እንጂ ከአፈር የተወሰደ ንጥረ ነገር የለበትም። በ100 ኪሎ ማር ውስጥ ያለው ማዕድን ብዙውን ጊዜ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ከገተማ አበባ የሚገኘውን የሸካ ነጭ ማር የሚሸጥ ቤተሰብ እንግዲህ የሚሸጠው ያለፈውን ፀሐይ ነው፤ የዕድሩ ዕቃ አንዱም ከቤት አልወጣም። የሸካ አባቶች ደኑን «ኮቦ» እያሉ ለየቤተሰቡ ከፋፍለው ቀፎ የሚሰቅሉበትን ሥርዓት ሲያቆዩ ይህን ሒሳብ በወረቀት አልሠሩት ይሆናል፤ በተግባር ግን ያውቁት ኖረዋል።

ቡና መካከለኛ ነው። ከንጹህ ቡና ክብደት ውስጥ ከመቶ ሁለት እጅ ገደማው ናይትሮጅን ነው። ከፊሉም እንቅልፍ በሚያባርረው በካፌይን ውስጥ ይገኛል። በነገራችን ላይ በ15ኛው መቶ ዓመት በየመን የነበሩ ሱፊዎች ለሌሊት ዚክር ይነቁበት የነበረው ቡና ከእነዚህ ደኖች ወገን የወጣ ተክል ነው፤ ስኒው ውስጥ ያለው የምግብ ኃይል ከምንም የማይቆጠር ሆኖ ሳለ ሰውን እስከ ፈጅር ማቆየቱ ይገርማል። ወደ ሒሳባችን እንመለስና፣ በጥላ ሥር ያለ የደን ቡና ከሄክታር ሁለት ሁለት ተኩል ኩንታል ቢሰጥ ከመሬቱ ይዞ የሚወጣው ናይትሮጅን አራት አምስት ኪሎ ነው። ለቡና ጥላ የሚወደዱት ሰሳና ብርብራ ከአተርና ከባቄላ ወገን ናቸው፤ በሥራቸው ካሉ ባክቴሪያዎች ጋር ሆነው ናይትሮጅንን ከአየር ስለሚያወርዱ ይህን ያህሉን መተካት አይከብዳቸውም። ሽማግሌዎች «ከሰሳ ሥር ያለ ቡና አይከፋም» ቢሉ ያለ ምክንያት አይደለም።

በቆሎ ግን ሌላ ነው። አንድ ኩንታል የበቆሎ ፍሬ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ናይትሮጅን ይይዛል። ሠላሳ ኩንታል ከሄክታር ያገኘ ገበሬ 45 ኪሎ ናይትሮጅን ሸጧል ወይም በልቷል ማለት ነው፤ ይህም በሁለት የሃምሳ ኪሎ ከረጢት ዩሪያ ውስጥ ያለውን ያክላል። ጎርፉ የወሰደው አልተቆጠረም። አገዳው ለከብት ከተሰጠና እበቱ ካልተመለሰ ደግሞ ይብሳል።

መቸም አዲስ አበባ ተቀምጦ «ደን አትንኩ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ቡና የሚሸጠው በዓመት አንዴ ነው፤ ልጅ ግን በየቀኑ ይርበዋል። እኛም በቆሎ የሚዘራ ሁሉ አጥፊ ነው አንልም። የምንለው ሦስቱ ከመሬት የሚወስዱት ዕዳ እኩል አለመሆኑን ነው። አንድ ቤተሰብ የቤቱን እህል በጓሮው አካባቢ፣ ገንዘቡን ደግሞ ከማርና ከጥላ ቡና ለማግኘት ቢያቅድ የመሬቱ ዕዳ ይቀልለታል። በሰፋፊ ምንጣሮ ላይ ግን ቃላችን ጠንከር ይላል። የሸካ ደን እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ሲገባ ከ238,750 ሄክታሩ 55,000 ያህሉ ፈጽሞ የማይነካ እምብርት ተብሎ ተለይቷል። የቀረው መሬት በእንክብካቤ የሚሠራበት እንጂ እንደፈለጉ የሚመነጥሩት አይደለም።

የጓሮውን ካነሳን እንሰትን መዝለል አይገባም። በሸካ ቤት ዙሪያ ያለው አፈር ከሩቁ ማሳ ይልቅ ጥቁር ሆኖ የሚገኘው አላህ ለጓሮ የተለየ አፈር ስለሰጠ አይደለም። ላሟ ቀን መስክ ላይ የጋጠችውን ማታ በረት ታመጣለች፤ እናቶችና ልጃገረዶች እበቱን ጠርገው ከእንሰቱ ሥር ያፈሳሉ። የሜዳው ንጥረ ነገር በላም ሆድና በሴቶች ጀርባ ተጭኖ ወደ ጓሮ ገባ ማለት ነው። ይህን ድካም ከቤት ሥራ ዝቅ አድርጎ የሚያይ ወንድ ካለ ሒሳቡን ደግሞ ይመልከተው፤ ማዳበሪያ ፋብሪካው እዚያው ቤቱ ነው። ደን ባለቀባቸው የሰሜንና የመካከል ደጋዎች ያው እበት ኩበት ሆኖ እየነደደ ምድጃ ላይ ያልቃል። እዚያ ማገዶ ሲጠፋ የመሬቱ ድስት ራሱ እሳት ውስጥ ተጨምሯል።

በዒደል አድሐም እንዲሁ ነው። ከኡድሒያው ሥጋው ለቤተሰብ፣ ለጎረቤትና ለድሃ ይከፋፈላል፤ ፈርሱ፣ ደሙና አጥንቱ ግን በብዙ ቦታ መንገድ ዳር ይጣላል፣ ወይም ወንዝ ይገባል። አጥንት ፎስፎረስ ነው፤ ቀዩ አፈር አጥብቆ የሚይዘውና ተክል አጥብቆ የሚፈልገው ያው ፎስፎረስ። ውሻ እንዳያወጣው አድርጎ ከአንድ የፍራፍሬ ችግኝ ዳር በጥልቅ መቅበር የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ጎረቤትንም ከሽታ ያድናል።

ጥላ ዛፍን በሚመለከት አንድ ማሳሰቢያ ለወጣቶች አለን። ቡናው እንዲበዛ ሲባል በየዓመቱ ከሥር ያለው ሁሉ ይመነጠራል፤ ከቁጥቋጦው ጋር ገና ክንድ ያልሞላው የሰሳና የዋንዛ ችግኝም አብሮ ይታጨዳል። ትልልቆቹ ዛፎች ስላሉ ጉድለቱ ዛሬ አይታይም። እነሱ አርጅተው ሲወድቁ ግን የሚተካ አይገኝም። በየምንጣሮው ጥቂት ችግኞችን በዱላ ምልክት አድርጎ መተው ገንዘብ አይጠይቅም።

የመጨረሻው ነገር የእሸት ቡና ልጣጭ ነው። አንድ ኪሎ ንጹህ የታጠበ ቡና ለማግኘት አምስት ስድስት ኪሎ እሸት ይፈለፈላል። የቀረው ልጣጩና የሚያሙለጨልጨው ልባስ ነው፤ ስኳርና ፖታሲየም የሞላበት ነው። በደቡብ ምዕራብ በቡና አጠባ ወራት ይህ ጉድ በብዙ ቦታ ወንዝ ሲለቀቅ ይታያል። ወንዙ ውስጥ ባክቴሪያ ስኳሩን ሲያገኝ ይበረክታል፣ ሲበረክትም በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ዓሣው ይታፈናል፣ ውኃው ይጠቁራል፣ ከታች ያለው መንደር ለውዱእም ለመጠጥም ይቸገራል። ለመሬት በረከት የነበረው ለወንዝ መርዝ ሆነ፤ እስራፍ ብለን ከምንጠራቸው ነገሮች ይህን የመሰለ ጥቂት ነው።

የዚሁ ልጣጭ መድኃኒት ቀላል ነው። ከወንዝ ራቅ ባለ፣ ጎርፍ በማይደርስበት ጥላ ሥር አንድ ንብርብር ልጣጭ፣ አንድ ንብርብር ደረቅ ቅጠል፣ ጥቂት እበትና የደን ጥቁር አፈር እያፈራረቁ ይከመራል። የደኑ አፈር የሚጨመረው ሻጋታውና ባክቴሪያው ከነነፍሱ እንዲገባ ነው፤ አንድ አካፋ ይበቃል። ክምሩ በዝናብ እንዳይታጠብ በእንሰት ቅጠል ይሸፈናል፣ አየር እንዲያገኝም በየሁለት ሳምንቱ ይገለበጣል። መሃሉ ላይ እጅ ሲያስገቡ ቢያቃጥል አይደንግጡ፤ ያ ሙቀት ልጣጩ ከፀሐይ የተቀበለው ኃይል እየወጣ መሆኑ ነው። ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ሙቀቱ ይበርዳል፣ ሽታው ይጠፋል፣ ክምሩም ጠቁሮ እንደ ደን አፈር ይፈረፈራል። ያን ጊዜ ከቡናው ግንድ ጋር ሳያስጠጉ፣ ቅርንጫፉ ጥላ እስከሚጥልበት ድረስ ዙሪያውን በትኖ በቅጠል ማልበስ ነው።